ሰባት ወር የቀረው ኢንሹራንስ

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው። ዓመቱ ሳይሞላ የመኪና ኢንሹራንስ ቀይሮ ገንዘብ ማስመለስ። አራቱንም እዚህ አንድ ላይ አቅርቤያቸዋለሁ፤ የመጀመሪያው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም የሌሎቹም መልስ ግማሹ እሱ ውስጥ አለ።

ከባሕር ዳር

«ጋሼ ሰላም ነዎት? ቪትዝ አለችኝ፤ ሥራ የምመላለስባትና ልጆች ትምህርት ቤት የማደርስባት ናት። 24,000 ብር ከፍዬ ሙሉ ኢንሹራንስ ገብቼላት አምስት ወር ሆነኝ። እስካሁን አንድም ነገር አልደረሰባትም። አሁን አንድ ኤጀንት ሌላ ኩባንያ ጋ በ19,000 ብር አስገባሃለሁ፣ ከዚያ ላይም 2,000 ብር በእጅህ እመልስልሃለሁ አለኝ። የድሮው ኩባንያ የቀረኝን የሰባት ወር ገንዘብ ሲመልስልኝ ሁለት ጊዜ አተርፋለሁ ብዬ አሰብኩ። ጓደኞቼ ግማሾቹ ምን ትጠብቃለህ ይሉኛል፣ ግማሾቹ ተው ይቅርብህ። እርስዎስ ምን ይላሉ?»

ወንድሜ፣ አዲሱን ውል ሳትፈርም ስለጻፍክልኝ ደስ ብሎኛል። ነገሩ ሁሉ ያለው «የቀረኝ የሰባት ወር ገንዘብ» ያልካት ላይ ነው።

24,000 ለ12 ሲካፈል በወር 2,000 ብር ነው፤ ሰባት ወር 14,000 ይመጣል። አንተም በልብህ የያዝከው ይቺን 14,000 እንደሆነ እገምታለሁ። ብዙ የመኪና ፖሊሲዎች (የኢንሹራንስ ውሎች) ግን እንዲህ አያሰሉም። ፖሊሲህን ከመሳቢያ አውጣና ውል ስለማቋረጥ የሚናገረውን አንቀጽ አንብበው። የተለመደው አነጋገር እንዲህ ነው፤ ኩባንያው ራሱ ውሉን ካቋረጠ የቀረውን ጊዜ በቀን ቆጥሮ ይመልሳል። ደንበኛው ካቋረጠ ግን ያለፈው ጊዜ በአጭር ጊዜ ታሪፍ ይታሰብና የተረፈው ይመለሳል፣ ያውም በዚያ ዓመት የካሳ ጥያቄ ካልቀረበ ብቻ።

የአጭር ጊዜ ታሪፍ ከዓመቱ ሒሳብ ይከብዳል። ኩባንያው ፖሊሲውን ሲያዘጋጅ ወጪ አውጥቷል፣ ላስገባህ ኤጀንት ኮሚሽን ከፍሏል። ደግሞ ሁሉም ሰው ክረምቱን፣ መንገዱ የሚያንሸራትትበትን ጊዜ ብቻ ገብቶ በጋ ሲመጣ በቀን ሒሳብ ተመላሽ እየተቀበለ ቢወጣ ሥራው አይዘልቅም። ብዙ ቦታ በሚሠራበት ሰንጠረዥ ኩባንያው ሦስት ወር ከቆየ ሰው ግማሽ ያህሉን፣ ስድስት ወር ከቆየ ሦስት አራተኛውን ያህል ያስቀራል፤ ስምንት ወር ካለፈ ምንም አይመለስም። የአንተ ኩባንያ ሰንጠረዥ ትንሽ ሊለይ ይችላል፤ ቅርንጫፉ ሄደህ «ዛሬ ባቋርጥ ስንት ትመልሱልኛላችሁ?» በላቸውና በጽሑፍ ይስጡህ። በቃል የተነገረህን ይዘህ እንዳትወጣ።

እስቲ ለአምስት ወር 70 በመቶ ያስቀራሉ እንበል። 16,800 ብር ቀረ ማለት ነው። የሚመለስልህ 7,200 ነው። ለአዲሱ 19,000 ትከፍላለህ፣ ኤጀንቱ 2,000 ቢሰጥህ 17,000 ወጣህ፤ ከዚያ ላይ 7,200ውን ስትቀንስ 9,800 ብር ከኪስህ ወጥቷል። በዚህ ገንዘብ ምን አገኘህ? የ12 ወር ሽፋን እንዳትለኝ፣ ሰባቱን ወር አስቀድመህ ከፍለህበታል። ያገኘኸው ከድሮው ፖሊሲ ማብቂያ በኋላ ያሉትን አምስት ወራት ነው። ዝም ብለህ ሰባቱን ወር ጨርሰህ ያን ጊዜ በዚያው በ19,000 ብትገባ የአምስቱ ወር ድርሻ 7,900 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ 2,000 ብሯን በእጅህ ይዘህም 1,900 ብር ያህል ከስረሃል።

በዚህ ላይ ኖ ክሌም አለ። ዓመቱን ሙሉ ካሳ ሳይጠይቅ የጨረሰ ሰው ሲያድስ ቅናሽ ያገኛል። ቅናሹ የሚታሰበው ግን ለሞላ ዓመት ነው፤ አምስት ወር በሰላም መንዳትህ ከአምስት ወሩ ጋር ይቀራል። ቅናሹ 20 በመቶ ቢሆን 19,000ው 15,200 ይሆናል፣ የአምስቱ ወር ድርሻም ወደ 6,300 ይወርዳል። ያኔ ኪሳራህ 3,500 ይጠጋል። ዓመቱን ከጨረስክ በኋላ ወደ ሌላ ኩባንያ ብትሄድ እንኳ የድሮው ኩባንያ ካሳ አለመጠየቅህን የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍልህ። አዲሱ ኩባንያ ያን ደብዳቤ ይቀበል እንደሆነ ቀድመህ ጠይቅ፤ የሚቀበሉ አሉ።

በአንተ ቁጥሮች፣ ይህን የኖ ክሌም ቅናሽ ጨምሬ ሳሰላው መቀየሩ የሚያዋጣህ የድሮው ኩባንያ ከ10,700 ብር በላይ ከመለሰልህ ነው። 14,000ውን በቀን ቆጥረው ከመለሱልህማ እኔም ቀይር ነው የምልህ፣ ነገር ግን አሁን የምነግርህን ሁለት ነገር አይተህ።

አንደኛው፣ 19,000ው ለምን ረከሰ? መኪናዋ በስንት ብር ነው የተገመተችው? የመኪና ዋጋ እንዴት እንደናረ፣ በተለይ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ፣ አንተም ታውቃለህ። አረቦን (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ገንዘብ) እንዲያንስ ግምቱን ዝቅ የሚያደርጉ አሉ። ገበያ ላይ 1,500,000 ብር የምታወጣ መኪና በ1,000,000 ብር ተመዝግባ የ150,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት፣ ብዙ ፖሊሲዎች የሚከፍሉህ በዚያው ልክ ሁለት ሦስተኛውን፣ 100,000 ብር ነው። 50,000ው ያንተ ዕዳ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከዋጋዋ በላይ ማስገመትም አይጠቅምህም። ኢንሹራንስ የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አይሰጥም፣ የ1952ቱ የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የሚለው ይህንኑ ነው። (በ2013 ዓ.ም. አዲስ የንግድ ሕግ ቢወጣም የኢንሹራንሱ ክፍል አልተነካም፣ የድሮው ነው የሚሠራው።) ስለዚህ «ሁለቱንም ፖሊሲ ይዤ ከሁለቱም ልቀበል» የሚል ሐሳብ ካለህ ከወዲሁ ተወው።

ሁለተኛው ለእኛ አካባቢ ሰው ከሁሉም በላይ ነው። መደበኛው ሙሉ ኢንሹራንስ ጦርነትን፣ ሁከትንና ረብሻን አይሸፍንም። ስሙ «ሙሉ» ስለሆነ ብዙ ሰው ሁሉንም የሚሸፍን ይመስለዋል። እንዲህ ያለውን አደጋ የሚሸፍነው ተጨማሪ ከፍሎ ለብቻው የሚገባ የፖለቲካ ነውጥና የሽብር ሽፋን ነው። የድሮው ፖሊሲህ ላይ ይህ ገብቶልህ ከሆነ፣ አዲሱ ውስጥ መኖሩን ሳታረጋግጥ እንዳትንቀሳቀስ። ጎጃም ውስጥ ለሚመላለስ መኪና ይሰጡ እንደሆነ፣ ስንት እንደሚያስከፍሉ፣ ከየትኛው ቀን እንደሚጀምር በግልጽ ጠይቅ። የ5,000 ብሯ ልዩነት የመጣችው ይሄ ስለጎደለ ሊሆን ይችላል። ኤክሰሱንም አስተያይ፤ በአደጋ ጊዜ ከአንተ የሚቀረው የመጀመሪያው ብር ከፍ ካለ፣ ለትንንሽ ጭረት ኢንሹራንስ እንደሌለህ ቁጠረው።

ስለ ኤጀንቱ 2,000 ብርም ልናገር። ልጁን አላውቀውም፣ ክፉ ሰው ነውም አልልም። ግን የሚሰጥህ ከኮሚሽኑ ቀንሶ ከሆነ፣ ደረሰኝህ ላይም ፖሊሲህ ላይም ያ ገንዘብ የለም። ነገ «መቼ ቃል ገባሁልህ?» ቢልህ የምታሳየው ወረቀት አይኖርህም። ኩባንያው ቅናሽ ካለው አረቦኑ ላይ ይቀንስልህና 17,000 ተብሎ ይጻፍ። እሺ ካሉ ጥሩ፣ እምቢ ካሉ ስለ 2,000 ብሯ ብዙ ነገር አወቅህ።

ቀይር ካልንህም ቅደም ተከተሉን ልብ በል። አዲሱን ፖሊሲ በእጅህ ሳታስገባ የድሮውን አታቋርጥ። ማቋረጫውን በጽሑፍ ስጥ፤ ብዙ ፖሊሲ የሰባት ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል። ገቢ ያደረግከውን ደብዳቤ ኮፒ ማህተም አስመትተህ ያዝ። የድሮው የሚያበቃበትና አዲሱ የሚጀምርበት ሰዓት መካከል ክፍተት አይኑር። በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት የሚሸፍነውን የሦስተኛ ወገኑንም እንዲሁ። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይችልም፣ አንድ ቀንም ቢሆን።

ይህን አጥብቄ የምነግርህ በራሴ ስለደረሰ ነው። ከዓመታት በፊት ኮሮላዬን እንዲህ ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ዓመቱ ሳይጋመስ ቀየርኩ። የድሮውን አርብ አቋረጥኩ። አዲሱ ኩባንያ ጋ «ክፍያው ሰኞ ይመዘገባል፣ ችግር የለውም» አሉኝና እኔም እሺ ብዬ ወጣሁ። እሁድ ፍኖተ ሰላም ለቅሶ ነበረብን። ቡሬን አልፈን ማንኩሳ ሳንደርስ አንድ ወይፈን ከጎን ዘሎ ገባ። እሱን መታሁ፣ መሪውን ስጠመዝዝ ደግሞ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ሰው አልተጎዳም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ኮፈኑ፣ ራዲያተሩ፣ ሁለቱም የፊት መብራቶች አለቁ። የድሮው ኩባንያ «አርብ ወጥተሃል» አለኝ፣ አዲሱ «ሰኞ ነው የጀመርከው»። ሁለቱም እውነታቸውን ነው፣ ወረቀቱ የሚለው እንደዚያ ነው። ለወይፈኑ ባለቤት በሽማግሌ ተስማምተን ከፈልኩ፣ የጋራዡንም ራሴ ቻልኩት። በቅናሹ አተርፋለሁ ያልኩት ገንዘብ ለአንዱ መብራት እንኳ አልበቃም። ባለቤቴ ከኋላ ልጃችንን ታቅፋ ነበር፤ ዛሬም በዚያ ባለፍን ቁጥር ዝም ትላለች።

ከደብረ ማርቆስ

«መምህር ነኝ። ከወንድሜ ጋር በባንክ ብድር አይሱዙ ገዝተን ከቢቸና ጤፍ እየጫንን አዲስ አበባ እንወስዳለን። ኢንሹራንሱ በጣም ተወዶብናል። ሌላ ቦታ በግማሽ ዓመቱ ብንዞር ተመላሹን ለዕዳው እናውለው ነበር። ይቻላል?»

መምህር፣ መጀመሪያ የሚሄዱት ኢንሹራንስ ቤት ሳይሆን ባንክ ነው። መኪናው የብድሩ መያዣ ነውና ፖሊሲው ላይ የባንኩም ስም አለ። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም ካሳው አስቀድሞ የሚሄደው ለባንኩ ነው፣ የእናንተ ድርሻ ከዕዳው የተረፈው ነው። ስለዚህ ባንኩ ሳያውቅ ፖሊሲውን ማቋረጥ የብድር ውሉን እንደ ማፍረስ ሊቆጠርባችሁ ይችላል። የብድር ውሉን አንብቡ፣ በየትኞቹ ኩባንያዎች መግባት እንደሚቻል ባንኩን ጠይቁ፣ ፈቃዱንም በደብዳቤ ተቀበሉ። ተመላሹ ገንዘብ በማን ስም እንደሚወጣም ያን ጊዜውኑ ይታወቅ።

ሒሳቡ ከላይ ለባሕር ዳሩ ወንድማችን ካሰላነው አይለይም። በግማሽ ዓመት የሚመለሰው ከአረቦኑ ሩብ ያህል ሊሆን ይችላልና ዕዳ ይገፋልናል ብላችሁ አትመኩ።

እናንተ ግን ደጀን ወርዳችሁ የዓባይን በረሃ አቋርጣችሁ ጎሃ ጽዮን የምትወጡ ሰዎች ናችሁ፣ ያውም ጭነት ይዛችሁ። ስለ ዋጋው ከማሰባችሁ በፊት ሦስት ነገር ተመልከቱልኝ። ሾፌሩና ረዳቱ በፖሊሲው ተሸፍነዋል ወይ? መኪናው በረሃው ውስጥ ቢቆም ጎትቶ የማውጣቱን ወጪ እስከ ስንት ይችሉላችኋል? ጤፉስ? የመኪና ኢንሹራንስ የጫነውን እህል አይሸፍንም፣ ለእሱ የጭነት ኢንሹራንስ ለብቻው ነው የሚገባው። አሁን ያላችሁ ኩባንያ እነዚህን ካሟላ፣ ውድ ያላችሁት ዋጋ ምናልባት ተገቢው ዋጋ ነው። ካላሟላ ደግሞ ሲታደስ ለመውጣት በቂ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው።

ከዳንግላ

«እህቴ ለንደን ነው የምትኖረው። እዚያ ኢንሹራንስ በኢንተርኔት ስትገባ ካሽባክ የሚባል ገንዘብ ይመልሱላታል። አሁን ሌላ ኩባንያ የበለጠ ካሽባክ ሰጠ ብላ ዓመቱ ሳያልቅ ልትቀይር ነው። ብልጥ ናት ወይስ እየተሳሳተች ነው? ለእኛስ እንዲህ ያለ ነገር የለም?»

እህቴ፣ ካሽባኩ እውነተኛ ገንዘብ ነው። እዚያ ደንበኛ ወደ ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚመሩ ድርጅቶች አሉ፤ ኩባንያው ኮሚሽን ይከፍላቸዋል፣ እነሱም ከዚያ ቀንሰው ለደንበኛው ያካፍላሉ። ከላይ ኤጀንቱ 2,000 እሰጥሃለሁ ካለው ጋር ምንጩ አንድ ነው፤ የእዚያኛው ግን በጽሑፍ የተቀመጠ ሁኔታ አለው። ገንዘቡ ወዲያው አይከፈልም፣ ብዙ ጊዜ ወራት ይፈጃል። ፖሊሲው ቶሎ ከተቋረጠ ደግሞ ካሽባኩም ይሰረዛል። እህትሽ የመጀመሪያውን ካሽባክ ሳትቀበል ከቀየረች ሊቀርባት ይችላል።

እዚያ አገር ፖሊሲ የገዛ ሰው በ14 ቀን ውስጥ ሐሳቡን መቀየር ይፈቀድለታል፤ የሚቀነስበት የነዳበት ቀን ሒሳብና የአገልግሎት ወጪ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ኩባንያ የማቋረጫ ክፍያ ይጠይቃል። ኖ ክሌሙም እንደ እኛው ነው፣ ዓመቱ ካልሞላ አይቆጠርም። ሌላም ልትነግሪያት የሚገባ ነገር አለ። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያ ያለው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ነባር ደንበኛ ሲያድስ ለአዲስ ደንበኛ ከሚሰጠው ዋጋ በላይ እንዳይጠየቅ ደንግጓል። ኩባንያውን ማማረጡ ግን አሁንም ይጠቅማል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው ዋጋ የሚጠይቅ ሰው በመጨረሻው ቀን ከሚጠይቅ ሰው ብዙ ጊዜ ርካሽ ያገኛል። ስለዚህ ካሽባኩን ታግኝ፣ ግን በማደሻዋ ጊዜ። ደውለሽ «የማቋረጫ ክፍያው ስንት ነው? የመጀመሪያው ካሽባክ ገብቶልሻል ወይ?» ብለሽ ጠይቂያት። ሁለቱን ከመለሰችልሽ ሒሳቡን ራሷ ትደርስበታለች።

እኛ ጋ እንደዚያ ያለ የተደራጀ አሠራር አላየሁም። እኛ ጋ ያለው ቅናሽ ነው፤ ኖ ክሌሙ፣ ብዙ መኪና አንድ ላይ ሲገባ የሚደረገው፣ ቤትና መኪና አንድ ቦታ ለሚያስገባ ሰው የሚደረገው። ቅናሽ አለ ወይ ብሎ ጠይቆ ቢከለከሉም ነውር የለውም፤ ጠይቁ።

ከእንጅባራ

«ባጃጅ አለኝ። ከሁለት ወር በፊት ተጋጭቼ ኢንሹራንሱ አሠራልኝ። ግን በጣም አንገላቱኝ፣ ፕሮፎርማ አምጣ፣ ሌላ ፕሮፎርማ አምጣ እያሉ ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆምኩ። ገንዘቤን አስመልሼ ሌላ ጋ ልግባ? እዚያ ስለ ግጭቱ ባልናገርስ?»

ወንድሜ፣ ሦስት ሳምንት ያለ ባጃጅ መቆም ምን ማለት እንደሆነ ይገባኛል፣ የቀን ዕቁብህም የቤት ኪራይህም ከእሷ ነው። ግን በዚህ ዓመት ካሳ ስለተቀበልክ ብታቋርጥ ተመላሽ የማግኘትህ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ባዶ እጅህን ወጥተህ አዲስ አረቦን ትከፍላለህ። የቀረህን ጊዜ ተጠቀምበት፣ ከፍለህበታል።

ስለ ግጭቱ ዝም ማለቱን ግን ፈጽሞ አታድርገው። አዲሱ ኩባንያ በሚያስሞላህ ቅጽ ላይ ያለፉ አደጋዎችህን ይጠይቅሃል። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 668 ሆን ብሎ የደበቀን ወይም የዋሸን ሰው ውል ዋጋ ያሳጣዋል። ነገሩ የሚወጣው ደግሞ ስትገባ አይደለም፣ ሌላ አደጋ ደርሶብህ ካሳ ስትጠይቅ ነው። ያኔ አረቦኑን ከፍለህም ኢንሹራንስ የሌለህ ሰው ትሆናለህ። ግጭቱን ከእነ ቀኑ ጻፍ፤ ትንሽ ይጨምሩብህ ይሆናል፣ ይጨምሩ።

ስላንገላቱህ ነገር ቀኖቹን ሁሉ ጻፍ፤ መቼ አመለከትክ፣ መቼ ፕሮፎርማ ሰጠህ፣ መቼ ሠሩልህ። ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ፣ ካልሰማህ ለዋናው መሥሪያ ቤት በደብዳቤ አቅርብ። ኢንሹራንስ ኩባንያዎችን የሚቆጣጠረው ብሔራዊ ባንክ ነው፣ ቅሬታ እስከዚያ መድረስ ይችላል። ፖሊሲህ የሚያልቅበትን ቀን ደግሞ ስልክህ ላይ መዝግብ። አንድ ወር ሲቀረው እንጅባራ ያሉትን ቅርንጫፎች ዙር፣ ዋጋ ብቻ አትጠይቅ፤ «ባጃጄ ብትጋጭ የሚሠራልኝ ጋራዥ የት ነው፣ በስንት ቀን?» በላቸው። ያሠሩ ሰዎችንም እዚያው ተርሚናል ላይ ታገኛቸዋለህ።